ኳስ መላሿ

ቀበና ወንዝ ስንት ኳስ እንደበላ የሚያውቅ የለም። የእኔን ብቻ ብቆጥር ሦስት ናቸው። ግቢያችን ቁልቁለት ላይ ነው፤ የታችኛው አጥር ቆርቆሮ ከሥሩ በስብሶ ድመት ብቻ ሳይሆን ውሻም ያሳልፍ ነበር። ሪንጉን የሳተ ኳስ አንዴ ይነጥራል፣ ሁለቴ ይነጥራል፣ በሦስተኛው አጥሩን ሾልኮ ወደ ገደሉ ነው። ስለዚህ ብቻዬን መለማመድ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሪንጉ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆሞ ኳስ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ታናሽ እህቴ ነበረች።

ዘመኑ 1987 ዓ.ም. ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል፣ እሷ አምስተኛ። ሰፈሩ በሙሉ እግር ኳስ ነበር፤ እኔ ግን ቪዲዮ ቤት ገብቼ ማይክል ጆርዳንን ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር አልታይ ብሎኛል። የቺካጎ ቡልስ ኮፍያ ያላደረገ ጎረምሳ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ ባስኬት የሚጫወት ጎረምሳ ማግኘት ግን ከዚያ ይብስ ነበር። ኮፍያውን ሁሉም አደረገ፤ ኳሱን የያዝነው ጥቂቶች ነን።

ሪንጉን የሠራልኝ አስፋልት ዳር ያለ ብረት በያጅ ነው። አጎቴ ከምናለሽ ተራ ቁራጭ ፌሮ አምጥቶልኝ ይዤለት ሄድኩ።

"ስፋቱ ስንት ይሁን?" አለኝ።

አላውቅም። እሱም አያውቅም። ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ጥግ ላይ የተጣለ የቮልስዋገን ቸርኬ አገኘ፤ ፌሮውን እሱ ላይ እየቀጠቀጠ ጠመዘዘውና ጫፍና ጫፉን በየደው። ከዚያ ኳሴን ተቀብሎ ከላይ ለቀቀው። አለፈ። "ይኸው ገባ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ ሒሳቡን ተቀበለኝ። ምሰሶው ሰባት ክንድ ባሕር ዛፍ ነው፤ ክንዱም የአጎቴ ክንድ ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ክንድ ተኩሉ ጉድጓድ ገባ። ቦርዱ የዕቃ ሳጥን ጣውላ ነው። መረብ የለውም። መረብ አለመኖሩ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ደንቡን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሪንግ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት ያለው ከፍታ 3 ሜትር ከ5። የእኔው የቮልስዋገን ሪንግ 40 ቢሞላ ነው። ዛሬ ጠባብ ሪንግ ራሱን የቻለ የልምምድ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል፤ በትልቁ ሪንግ ላይ ይገጠምና ቀዳዳውን ያጠበዋል። እኛ ሳናውቀው በነጻ አገኘነው።

የጠባብ ሪንግ ጥቅሙ እንዲህ ነው። ኳስ ከአናት በቀጥታ ቢወድቅ 45 ሳንቲ ሜትሩ ሁሉ የእሱ ነበር። ግን ኳስ በሰያፍ ነው የሚመጣው፤ በሰያፍ ለሚመጣ ደግሞ ሪንጉ ይጠብበታል። ሰፌድ ፊት ለፊትህ ይዘህ ቀስ እያልክ ብታጋድመው ክቡ እየሳሳ እንደሚሄደው ማለት ነው። በ45 ዲግሪ ለሚወርድ ኳስ ክፍተቱ ወደ 32 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ30 ዲግሪ ለሚመጣው 22 ተኩል ብቻ ይቀርለታል፤ የኳሱ ውፍረት ግን 24 ነው። ዝቅ ብሎ የተወረወረ ኳስ እንግዲህ ብረቱን ሳይነካ የሚገባበት መንገድ የለውም። የእኛ ሪንግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ኳስ ምንም አይምርም፤ መልሶ ወደ ገደሉ ነው። እህቴ እንዳትሮጥ ስል ኳስ ወደ ሰማይ መስቀል ተማርኩ።

የስፖርት መምህራችንን ሁላችንም ኮች ነበር የምንለው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ስወረውር ቆሞ አየኝና፣

"ግራ እጅህ ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"ይደግፋል፣ ኮች።"

"አይደግፍም። ይገፋል።"

በማግስቱ ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠች ቀለበት ይዞ መጣ። የግራ አውራ ጣቴን ከሌባ ጣቴ ጋር አጣብቆ አሰረው። አውራ ጣቱ ሲታሰር ግራ እጅ ኳሱን ከጎን ከመያዝ ሌላ ሥራ አይኖረውም፤ ኳሱ በቀኝ እጅ አንጓ ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ከሪንጉ ሁለት ሜትር እንኳ አላደርስም ነበር። ጣቴ ላብ ሲነካው ያቃጥላል፤ ማታ ማታ የጎማ ሽታ እጄ ላይ ያድራል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ኳሱ ወደ ጎን መሄዱን ተወ። ይህንንም ዛሬ በናይለን ሠርተው፣ ውብ ፓኬት ውስጥ ከትተው ሲሸጡት አይቻለሁ። የጎማውን ሽታ ግን አልጨመሩበትም።

ሌላው የኮች ትእዛዝ አልጋ ላይ በጀርባ ተኝቶ ኳስ ወደ ላይ መወርወር ነው። ቀጥ ብሎ ከወጣ ቀጥ ብሎ እጅህ ላይ ይመለሳል፤ አንጓህ ከተጣመመ አፍንጫህ ላይ ነው። ችግሩ የቤታችን ኮርኒስ አቡጀዴ ነበር። ኳሱ በነካው ቁጥር የስንት ዓመት አቧራ፣ አንዳንዴም የአይጥ ጓዝ፣ አልጋዬ ላይ ይራገፋል። እማዬ ከጓዳ ሆና "ይህ ልጅ ቤቱን አናታችን ላይ ሊያፈርሰው ነው!" ትላለች። አልፈረሰም።

ሦስተኛው ትእዛዝ ቆጠራ ነበር። "ስንት ወረወርክ ሳይሆን ስንት አገባህ ነው የምጠይቅህ" አለኝ ኮች። አሥር አሥር እያልኩ እንድወረውር፣ በየዙሩ የገባውን እንድመዘግብ፣ ሃምሳ ሳላገባ ከሜዳ እንዳልወጣ። መዝገቡ የማድ ቤቱ ግድግዳ ነው፤ መዝጋቢዋ እህቴ። በአንድ እጇ ከሰል ትይዛለች፣ በሌላው ኳስ ትመልሳለች። መረብ የለም ብያለሁ። መረብ በሌለው ሪንግ ላይ፣ ያውም ሲመሽ፣ ኳስ በውስጥ ይለፍ በጎን ይለፍ ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚወረውር አይለይም። ከሥሩ የቆመ ነው የሚያየው።

"ገባ?" እላለሁ።

"ገባ፣ ወንድም ጋሼ!" ትላለች፤ አንድ የከሰል ጭረት ግድግዳው ላይ ይጨመራል።

ጥምቀት ሲደርስ እማዬ ግድግዳውን ኖራ አስቀባችው፤ በኖራው ላይ እንደገና ጀመርን። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አማካይ ውጤቴ ከአሥር ሰባት ነበር። ሰባት! ትምህርት ቤት ስሄድ አረማመዴ ተለወጠ። ኳስ ሲመጣ የምሸሽ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን "ስጠኝ" እያልኩ እጄን የምዘረጋ ሆንኩ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። እህቴ አልፎ አልፎ "አንድ ጊዜ ብቻ ልወርውር" ትለኝ ነበር። ኳሱ ይከብዳታል። ስለዚህ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከጉልበቶቿ መሐል አውጥታ፣ ከታች ወደ ላይ ትወረውረዋለች። ኳሱ ረጋ ብሎ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይወጣና አናቱ ላይ ቆም ያለ መስሎ ይወርዳል። ይገባል። ብዙ ጊዜ ይገባል። የሰፈር ልጆች ይስቃሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁና "ይህ ሹት አይደለም፤ እንስራ የምታነሺ ነው የሚመስለው፤ ኳሱን መልሺ" አልኳት። መለሰች። ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝ ትዝ አይለኝም።

አሜሪካዊው የባስኬት ተጫዋች ዊልት ቻምበርሌን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር ከ32 ፍሪስሮው (የቅጣት ውርወራ) 28 አገባ። የወረወረው ልክ እንደ እህቴ፣ ከታች ወደ ላይ ነበር። ፍሪስሮው የማይሆንለት ሰው ስለነበር ያ ቁጥር ለእሱ ተአምር ነው። ከዚያ በኋላ አወራወሩን ተወው፤ ሴት ልጅ እመስላለሁ ብሎ አፈረ። የሕይወት ዘመን አማካዩ ከመቶ 51 ሆኖ ቀረ። በዚያው አወራወር የጸናው ሪክ ባሪ ደግሞ ከአሥር ዘጠኝ ያህል እያገባ ዘመኑን ጨረሰ። ይህን ታሪክ ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ቻምበርሌን ላይ ለመፍረድ ቢያንስ እኔ መብት የለኝም።

ልምምዴ የተፈተነበት ጨዋታ የነበረው በ1988 ነው። ትምህርት ቤታችን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር፣ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ እውነተኛ ሪንግ፣ መረብ ያለው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየተመራን ፋውል ተሠራብኝ፤ ሁለት ፍሪስሮው። ልቤ ረጋ ያለ ነበር። ከአሥር ሰባት የሚያገባ ሰው ሁለቱንም አይስትም ብዬ አስቤያለሁ፤ ሒሳቡንም በጭንቅላቴ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው የሪንጉን የፊት ብረት መታ። ሁለተኛውም እዚያው ቦታ፣ በሚስማር እንደተመታ። ሁለቱም ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ኮች ያን አይቶልኛል። ሁለቱም አጠሩ።

በዚያ ሳምንት የጎረቤታችንን አናጺ ሜትር ተውሼ የቤታችንን ሪንግ ለካሁት። 2 ሜትር ከ75። ክንዴ ለአንድ ዓመት የተማረው 30 ሳንቲ ሜትር የጎደለው ትምህርት ነው። ጠባቡ ሪንግ ያተረፈልኝን አጭሩ ምሰሶ በላው። እጦት ጥሩ አስተማሪ ነው፣ በካልሲ ኳስ ነው ትልልቆቹ የወጡት የሚል ወሬ ስሰማ እስካሁን ይደብረኛል። እጦት ያስተማረኝን አውቃለሁ፤ ያጣመመብኝንም አውቃለሁ። ትክክለኛ ሜትርና ትክክለኛ ሪንግ ቢኖር የሚሻለው እሱ ነበር። ምሰሶውን ነቅለን ልናስረዝመው ስንል የአጎቴ ክንድ ሌላ ባሕር ዛፍ አላገኘም፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ፣ ማትሪክ መጣ፣ አለቀ።

አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባስኬት ትወዳለች፤ እኔ አላስገደድኳትም (እናቷ በዚህ አትስማማም)። የምትለማመድበት ጂም ውስጥ አንድ ማሽን አለ። ትልቅ መረብ ሪንጉን ከብቦ ይቆማል፤ የገባውም የሳተውም ኳስ መረቡ ውስጥ ወድቆ እንደ ወንፊት ወደ ታች ይሰበሰባል፤ ከሥር ያለው መወርወሪያ ደግሞ ኳሱን ወደ ቆምክበት ቦታ መልሶ ይተፋዋል። ጥግ ላይ ቁም ካልከው ጥግ፣ ፊት ለፊት ካልከው ፊት ለፊት። ስክሪን አለው፤ የተወረወረውንና የገባውን ቆጥሮ ከመቶ ስንት እንደሆነ ያሳያል። ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከሪንጉ በላይ ካሜራ ገጥመው ኳሱ በስንት ዲግሪ እንደወረደ በድምፅ የሚነግሩ ጂሞችም አሉ፤ የሚፈለገው ቁጥር 45 ነው። "አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት" እያለ እንደ ሎተሪ አዟሪ ይጠራል።

ማሽኑን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት። አይደክመውም። አይርበውም። "አንድ ጊዜ ልወርውር" አይልም። ጨዋታው ራሱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ ኳስ መላሽ የሚያስፈልገው ጨዋታ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሲጀምረው ቅርጫቶቹ የኮክ ፍሬ መያዣ ነበሩ፤ ቂጣቸው ዝግ ነው። ኳስ በገባ ቁጥር አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ማውጣት ነበረበት። ዓለም የሚለካበት 3 ሜትር ከ5 የመጣውም ቅርጫቶቹ የተቸነከሩበት የሰገነት አጥር ቁመቱ ያ ስለነበረ ነው። እነሱም ያገኙት ቦታ ላይ ነው የመቱት። የአጎቴ ክንድ ሰገነት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የዓለም ደንብ 2 ሜትር ከ75 ነበር።

ባለፈው ዓመት አሠልጣኟ የልጄን ሹት ከሥሩ ቀየረው። ከደረቷ ትገፋ ነበር፤ ከግንባሯ በላይ አድርጊ አላት። ስቴፈን ኬሪም ሃይስኩል እያለ ከአባቱ ጋር አንድ ሙሉ የዕረፍት ወራት ሹቱን ሲያፈርስና ሲሠራ ከሪንግ ርቆ መወርወር አቅቶት እንደነበር ነገርኳት። አልሰማችኝም። አንድ ቅዳሜ ስክሪኑ ከመቶ 38 አለ። መኪና ውስጥ ሆና አለቀሰች። "የዓለም ምርጦቹ እኮ ማንም ሳይከላከላቸው ከአራት ፍሪስሮው አንዱን ይስታሉ" አልኳት። "እኔ ከአራት አንድ ብስት አላለቅስም ነበር" አለችኝ። ትክክል ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስክሪኑን በጃኬቴ ሸፈንኩት። አሠልጣኟ በትሕትና አነሣው።

በሐምሌ እህቴ ልትጠይቀን መጣች። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ ኦዲተር ናት። ይህን ሥራዋን ልብ በሉልኝ። ጂም ይዣት ሄድኩ፤ ማሽኑ ፊት እንደ እኔው ቆመች። ኳሱ ይገባል፣ ይሰበሰባል፣ ይመለሳል፣ ቁጥሩ ይጨምራል።

"ወንድም ጋሼ፣ ይህ ነገር ቆጠራ አይሳሳትም?"

"አይሳሳትም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተንፈቀፈቀች። "እንግዲህ ልንገርህ። ሃምሳ ሳይሞላ አትገባም ነበር። ይመሻል። ጅብ ይጮሃል። እማዬ እራት አቅርባ ትጣራለች፣ እኔ ገደል አፍ ላይ ተገትሬአለሁ። ምን ላድርግ? እጨምርልህ ነበር።"

"ምን ያህል?"

"ከአሥሩ ሁለት። ሲመሽ ሦስት።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ይኸን ያህል ዘመን አሳልፎ የመጣ ንዴት ደግሞ የት እንደሚቀመጥ አይታወቅም። ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁ። ሰባቱ አምስት ነበር፤ ማታ ማታ አራት። አራት መሆኑን ባውቅ ኖሮ እጄን አስተካክል ነበር ይሆናል፤ ሜትሩንም ከጨዋታው በፊት እዋስ ነበር ይሆናል። አራት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ግን በዚያ ቀን በዚያ ደቂቃ "ኳሱን ስጠኝ" ብዬ እጄን አልዘረጋም ነበር፤ ፋውሉም አይሠራብኝም። ሁለቱንም መሳቴ ያሳፍረኛል። እዚያ መስመር ላይ መቆሜ ግን አያሳፍረኝም፤ በዕድሜዬ ብዙ ቦታ የቆምኩት በዚያ ቀን በቆምኩበት እግር ነው። ያን እግር ያቆመው የከሰል ጭረት ነው፤ የሌለ ጭረት።

"ሃምሳ ሳይሞላ ያስገባኝ የነበረው ታዲያ አንቺ ነሽ" አልኳት።

"እርቦኝ ነዋ!"

በማግስቱ ማታ ሦስታችን ሰፈራችን ያለው መናፈሻ ሄድን። ማሽን የለም፣ ስክሪን የለም። የሪንጉ መረብ ተቀዶ አልቋል። ልጄ በአዲሱ ሹቷ ልትወረውር ተዘጋጀች፤ እህቴ ቦርዱ ሥር ሄዳ ቆመች፤ ኳስ የምመልሰው እኔ ሆንኩ። ከመጀመራችን በፊት ኳሱን ለእህቴ ሰጠኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከጉልበቶቿ መሐል አውጥታ ወረወረች። አልገባም፤ ቦርዱን መትቶ ሣር ውስጥ ገባ። ሮጬ አመጣሁት። "አንዴ ድገሚ" ብላት "ተወው፣ ልጅቷ ትወርውር" አለችኝ።

ልጄ 25 ጊዜ ወረወረች። በየአንዳንዱ ዞር እያለች "ገባ?" ትላለች፤ እህቴ በአማርኛ "ገባ! ገባ!" ትላለች። ሲጨርሱ እኔ የቆጠርኩት 14 ነው። እህቴ 17 አለች። ኳሱን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ መኪናው ሄድኩ።